አራት ቁጥር የለበሰችው

ማክ. ሚያዝያ 20፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ከሆሞሻ አሶሳ መግባቴ ነው። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ሚኒባሱ ከልኩ በላይ ጭኖ፣ ጭኔ ላይ የማላውቀው ሰው ማንጎ በጆንያ፣ ጆሮዬ ሥር የረዳቱ ጩኸት። ይሁን። ዛሬ ምንም አያናድደኝም።

ደብተሬ፣ ሮጡልኝ! አራቱም!

ቅጹን ሦስቴ ቆጠርኩት። በየአሥር ሰከንዱ አንዲት ልጅ አያለሁ፣ አንዲት ፊደል እጽፋለሁ። ከተንቀሳቀሰች "መ"። መምህሩን ካዳመጠች "ዳ"። ተራ ከጠበቀች "ጠ"። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ማስተርስ የሚሉት። ከሥልጠናው በፊት የሴቶቹ ቅጽ ከላይ እስከ ታች ጠ፣ ጠ፣ ጠ ነበር። አንድ ኳስ ለሰባ ተማሪ። ወንዶቹ ይራገጣሉ፣ ሴቶቹ ደወል እስኪደወል ዳር ቆመው ሻሻቸውን ያስተካክላሉ። ከዚያ የ7ኛ "ለ"ን የሰውነት ማጎልመሻ መምህር፣ መ/ር ኢድሪስን፣ ሁለት ቅዳሜ አሠለጠንኳቸው። ክፍሉን በትንንሽ ቡድን ይክፈሉ፣ ኳስ ከጨርቅ ያሠሩ፣ ጎሉን በድንጋይ ያድርጉ፣ ማንም ተራ አይጠብቅ። ጥያቄዬ አንዲት ናት፤ እንዲህ ሲደረግ ሴቶቹ ይንቀሳቀሳሉ ወይ?

ዛሬ መልሱን በዓይኔ አየሁት። በተለይ አራት ቁጥር። እንዴት ያለች ልጅ ናት! ስሟን አላውቅም፤ ማወቅም የለብኝም። ለማንም እንዳላደላ አራት ሴቶች በዕጣ መርጬ፣ ጀርባው ላይ ቁጥር የተጻፈበት ሰደርያ በመምህሩ አስለብሼ፣ ከሜዳው ርቄ ጥላ ሥር ተቀምጬ ጀርባ ጀርባቸውን አያለሁ። 4፣ 9፣ 13፣ 17። ዘዴው የራሴ ነው። አማካሪዬ ጥንቃቄዬን አድንቀዋል።

ራበኝ።


ሐሙስ ሚያዝያ 22፣ ምሳ ሰዓት

ሆሞሻ፣ መምህራን ማረፊያ። መ/ር ኢድሪስ ለስግደት ወጥተዋል። የጠዋቱ ትምህርት አሁንም መ፣ መ፣ መ።

አማካሪዬ ደወሉ። ሳቁ። እኔን ሲያናግሩ ሲስቁ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ምዕራፍ አራትን በግንቦት፣ ሙሉውን በሰኔ አጋማሽ ካስገባሁ በሐምሌ እመረቃለሁ። ደ/ማርቆስ ያለ አንድ ኮሌጅ የሰውነት ማጎልመሻ (ሰ/ማ) መምህር ቦታ ይዞልኛል፤ የያዘልኝ ግን እስከ ሐምሌ ብቻ ነው። ከዚያ ለሌላ ሰው።

ልጄ ሶሊ ማርቆስ ናት፤ ከአባቷና ከአያቷ ጋር። አራት ዓመቷ ነው። ሁለቱን ዓመት እኔ እዚህ ነኝ። አሶሳ በመምህርነት ተመድቤ መጣሁ፣ በዚያው ቀረሁ። ዝውውር ስጠይቅ ተተኪ የለም ይሉኛል። መንገዱ ተከፍቷል ሲሉኝ ሻንጣዬን አነሳለሁ፤ መናኸሪያ ስደርስ ተዘግቷል። እኔን አንድ ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ በዚያ ቅጽ ቢመዘግበኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠ ነው።

ከዚህ የምታወጣኝ ይህች ጥናት ናት። ሌላ በር የለኝም።

የሚያሳፍረኝን ነገር ልንገርህ። ከሥልጠናው በኋላ በመጀመሪያው ቀን ሴቶቹ ንቅንቅ አላሉም ነበር። እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ መ/ር ኢድሪስ ፊት ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። የሶሊን ፎቶ አሳየኋቸው። ውጤቱ ካላማረ ልጄን አላገኛትም አልኩ። ተመራማሪ ተብዬዋ! እሳቸው ተነሥተው ወጡ። ሻይ አምጥተው ሰጡኝ፤ ስኳሩ አፍ ያጣብቃል። የሚቀጥለው ትምህርት ላይ ልጆቹ ሮጡ። "ሥልጠናው ውጤት ለማሳየት ጥቂት ጊዜ ወስዷል" ብዬ ጻፍኩ።

ደወል። ወጣሁ።


ቅዳሜ ሚያዝያ 24፣ ረፋድ

አሶሳ፣ ቤቴ። ሙቀቱ ግድግዳው ውስጥ አድሮ የወጣ ይመስላል። ምዕራፍ አራት እየተጻፈ ነው። "የሴት ተማሪዎች ንቁ ተሳትፎ በከፍተኛ ሁኔታ የጨመረ ሲሆን..." ሲሆን፣ ሲሆን፣ ሲሆን! ይህን ቋንቋ ቤት ውስጥ ማንም አይናገረውም፤ ወረቀት ላይ ግን እንጀራዬ ነው።

መብራት ሄደ። ግድቡ እዚያው ጉባ ቆሟል፣ ላፕቶፔ እዚህ ሞተ።

ሶሊን ደወልኩላት። ቀይ ቦርሳ ገዝተውላት ስለ ዚፑ አወራችኝ። ስለ ዚፑ ብቻ። በሐምሌ እመጣለሁ አልኳት። ባለቤቴ ይበልጣል ስልኩን ተቀብሎ ቤቲ፣ ዘንድሮስ እውነት ነው? አለኝ። እውነት ነው አልኩት። ደስ ሲለኝ ድምፄ እንደሚቀጥን ይቀልድብኛል፤ ዛሬም ቀለደ።

ቤት ውስጥ ብቻዬን ዘፈንኩ። አዎ፣ እኔ።


ቅዳሜ ግንቦት 1፣ ከቀኑ 7 ሰዓት

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ባሚያ ልገዛ ገበያ ወጣሁ። ከኋላዬ ቲቸር! ቲቸር! አንዲት ቀጭን ልጅ፣ አረንጓዴ ሻሽ፣ ከአክስቷ ጎን ማንጎ ደርድራ ተቀምጣለች። ፊቷን በፍጹም አላውቀውም።

"ቲቸር፣ እኔን አላወቅሽም? ሆሞሻ! እኔ አራት ቁጥር ነበር።"

ሳቅኩ። እንዴት ነበር ትያለሽ፣ ነሽ እንጂ፣ ሐሙስ እንዴት እንደሮጥሽ አይቻለሁ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

"አሁን አራት ቁጥር ሃዋ ነው። ሃዋ ከስምንተኛ ክፍል መጣ። ሃዋ ሩጫ ይችላል፤ እኔ አይችልም።"

አንቺስ የት ነሽ አልኳት። አትክልት ቦታ አለችኝ፤ ቅሬታ የሚባል ነገር የለባትም፣ የአየር ሁኔታ እንደምትነግረኝ። ማክሰኞና ሐሙስ እኔ ስመጣ የማይሮጡት ሴቶች ከት/ቤቱ ጀርባ ወዳለው አትክልት ቦታ ይላካሉ። የሚሮጡት ከሌላ ክፍል ይመጣሉ። ሰደርያውን እነሱ ይለብሱታል። ከመቼ ጀምሮ? በጣቷ ቆጠረች። ካለቀስኩበት ቀን ቀጥሎ ካለው ትምህርት ጀምሮ!

ስሟ ዘህራ ነው። ስሟን ስጠይቃት ገረማት። ለካ እስከ ዛሬ አውቃታለሁ ብላ ነበር።

ስንት ሳምንት ሙሉ ይህችን ልጅ ስመዘግብ ኖሬ ፊቷን አላውቀውም። ልጆቹ ሲቀየሩ ሰደርያው አልተቀየረም፤ እኔም ሰደርያውን አይቼ መ፣ መ፣ መ። ጥንቃቄ ያልኩት ዕውርነቴ ነው። ምዕራፍ አራት የእንቧይ ካብ ነው።

ባሚያውን ሳልገዛ ተመለስኩ።


እሑድ ግንቦት 2፣ ጠዋት

ገበያ ባልሄድስ? ያቺ ልጅ ባትጣራስ? ዛሬ ምዕራፍ አምስትን እየጻፍኩ ነበር።

ማን ያውቃል? እኔ፣ አንተ፣ ዘህራ። ዘህራ ቴሲስ አታነብም። አንተ ድሮ የስም መጥሪያ ነበርክ፤ "ቀሪ" እና "ፈቃድ" ከሚሉት ዓምዶችህ ሌላ የምታውቀው ነገር የለም።

መ/ር ኢድሪስ ላይ ተናደድኩ። ከዚያ ራሴ ላይ። ከዚያ እንደገና እሳቸው ላይ፤ ይቀላል።


ማክ. ግንቦት 4፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

በፊት በር አልገባሁም። ዞሬ በአትክልት ቦታው በኩል መጣሁ። ሌባ የሆንኩ መሰለኝ።

ወደ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች። መቆፈሪያዎቹ ጎመኑ ዳር ተከምረዋል። ማንም አይቆፍርም። ሻሻቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ይጫወታሉ! ጨርቅ ጠቅልለው ይወራወራሉ፣ የተመታችው ወደ ሌላው ወገን ሮጣ ትገባለች፣ ያልተመቱት ያሳድዷታል። ላብ በላብ። ሳቅ። ዘህራ፣ ሩጫ አልችልም ያለችኝ ዘህራ፣ ሁለቱን አልፋ ሦስተኛዋን አምልጣ አጥሩ ጋ ወደቀች፤ ተነሥታ ደግሞ ሮጠች።

በአጥሩ ክፍተት ወዲያ ማዶ ሜዳው ይታያል። ሃዋ አራት ቁጥር ለብሳ ትሮጣለች። ባዶው ወንበሬም ይታያል። መ/ር ኢድሪስ በር በሩን እያዩ ይጠብቁኛል።

የሰከንድ መቁጠሪያዬን ከኪሴ አወጣሁ። መልሼ ከተትኩት። እነዚህን ልጆች ሳላስፈቅድ ሁለተኛ አልመዘግብም። አንዷ አየችኝ፤ በአንድ ጊዜ ሁሉም መቆፈሪያ አነሡ። ምን ያህል እንደከፋኝ ልነግርህ አልችልም።

ከትምህርት በኋላ መ/ር ኢድሪስን ለብቻ አገኘኋቸው። እጮሃለሁ ብዬ ነበር፤ አልጮኽኩም። የልጆቹን ነገር አውቄያለሁ አልኩ። አልካዱም። እንደ መርማሪ ሳይሆን እንደ ታናሽ እኅት አዩኝ።

"ወላሂ ክፉ አላሰብኩም። ልጅሽ ናፈቀሽ አይደል? እነዚህ ልጆች ዛሬ ባይሮጥ ነገ ይሮጣል። የአንቺ ቀን ግን ያልፋል።"

ሰው እንግዳውን አስለቅሶ አይሸኝም አሉ። ከየክፍሉ የሚሮጡትን ለመሰብሰብ ሁለት መምህር ለምነዋል። የሃዋን አባት ቤቱ ድረስ ሄደው አስፈቅደዋል። ይህን ሁሉ ለእኔ! ፈልጌ ያጣሁትን ውጤት በሰው ሰው ሰበሰቡልኝ፤ እኔ ደግሞ ሥልጠናዬ ነው ብዬ ፎከርኩ። ምን ብዬ ልቆጣቸው? አመሰገንኳቸው። አዎ፣ አመሰገንኳቸው፣ ከዚያ ሚኒባሱ ውስጥ መንገዱን ሁሉ አለቀስኩ።


ረቡዕ ግንቦት 5፣ ምሳ ሰዓት

አማካሪዬን በስልክ ነገርኳቸው። ሁሉንም።

የጥናቱ ውስንነት የሚለው ክፍል ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አስገቢ፣ ጨርሺ አሉኝ። የመስክ ሥራ እንዲህ ነው አሉ። ፍጹም መረጃ የለም አሉ። እንደገና ልሰብስብ ብልስ? ትምህርት ሊዘጋ ነው፣ መስከረም ትጀምሪያለሽ፣ የዓመት ሰው ትሆኛለሽ አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። የደከማቸው ሰው ናቸው።

ይበልጣል ግን ጮኸ። ሰው ምን ይለኛል ብለሽ ነው አለ። ማንም ምንም አይልም፣ ማንም አያነበውም፣ አንቺ አሶሳ ላይ እውነተኛ ስትባዪ ልጅሽ እዚህ ታድጋለች አለ። ልክ ነው። እየጮኸ ልክ መሆኑ ነው የሚያናድደኝ። ዘጋሁበት።

ዝናብ ጀመረ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የራሴን ሐሳብ አልሰማም። እሰየው።


ቅዳሜ ግንቦት 8፣ ረፋድ

የውስንነቷን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ አረፈድኩ። "አልፎ አልፎ የተሳታፊዎች መለዋወጥ ያጋጠመ ሲሆን..." መለዋወጥ! ማን ለዋወጣቸው? ምን አጋጠመ? ጽፌ ሰረዝኩ። ጽፌ ሰረዝኩ። በመጨረሻ አንዲት ለስላሳ ዓረፍተ ነገር ወጣች፤ አንድም ውሸት የለባትም፣ አንድም እውነት የለባትም። ይህቺ ማርቆስ ታደርሰኛለች።

ከምዕራፉ ጋር አያይዤ ላክ የሚለውን ነካሁ። ኔትወርክ የለም። ይዞራል፣ ይዞራል። ላፕቶፑን አጠፋሁት።

ሰነፍ አይደለሁም። ውሸታምም አልነበርኩም። ልጄን ማየት የፈለግኩ ሰው ነኝ።


ማክ. ግንቦት 11፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ሆሞሻ የሄድኩት ሰደርያዎቹን ልሰበስብና ልሰናበት ነበር። በቃ፣ ይህን ብቻ። በዚያው ለት/ቤቱ አስተዳደር የምስጋና ወረቀት ልሰጥ።

ርዕሰ መምህሩ ደስ ብሏቸው ተቀበሉኝ። ወረዳው ስለ መ/ር ኢድሪስ ሞዴል ክፍል ሰምቷል አሉኝ። በመስከረም ከሌሎች ት/ቤቶች መምህራን እየመጡ ሊያዩ ነው። አሠራሩ ይቀጥላል፤ የሚችሉት ሜዳ፣ የማይችሉት አትክልት ቦታ። የአንቺ ጥናት ሲወጣ አንድ ቅጂ አትንፈጊን አሉ።

የእኔ ጥናት! ዘህራን ከሜዳ አስወጥቶ ጎመን ውስጥ የሚያስቀምጠው የእኔ ወረቀት ነው። ስለ እኔና ስለ ሶሊ ብቻ መስሎኝ ነበር።

መ/ር ኢድሪስን እጃቸውን ይዤ አትክልት ቦታው ድረስ ወሰድኳቸው። ልጆቹ ደነገጡ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ቅጽ የለም፣ ሰዓት የለም። ስማቸውን አንድ በአንድ ጠየቅኩ። ዘህራ፣ ኑራ፣ ስትና፣ ራህማ... ከዚያ ሜዳ ላይ ለምን አትሮጡም አልኩ። ሁሉም በአንድ ላይ መለሱ። ሜዳው መንገድ ዳር ነው፣ አላፊ አግዳሚ ያያል። ቀሚስ ይገለባል። ኳስ ስትስቺ ወንዶቹ ይስቃሉ፣ መምህሩም ይስቃሉ። መ/ር ኢድሪስ አንገታቸውን ደፉ። እኔም ደፋሁ፤ ማየት ሥራዬ ሆኖ ከአላፊ አግዳሚው አልተሻልኩም።

"እዚህ ማንም አያይም። እዚህ ሁሉ ሰው ይጫወታል" አለች ዘህራ።

መ/ር ኢድሪስ ጨዋታውን እንድታስረዳቸው ለመኗት። ሃያ ዓመት ሰ/ማ ያስተማሩ ሰው፣ ቆመው፣ ከአንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሕግ ተማሩ። አንዱን ሕግ ተሳሳቱ፤ ልጆቹ ሳቁባቸው፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። በመስከረም ጨዋታውን ወንዶቹም ቢማሩት፣ ቦታውም እዚሁ አጥሩ ውስጥ ቢሆን አሉኝ በዝግታ፣ እንደሚያስፈቅድ ሰው። ያኔ ከመጀመሪያው፣ ከእውነተኞቹ ልጆች ጋር ጥናት ይሆናል። ያኔ።

ያኔ የሚሉት ዓመት ነው። ዓመት!


ዓርብ ግንቦት 14፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ደብዳቤውን ላክሁት። ጠዋት፣ ኔትወርክ እንደመጣ፣ ሐሳቤ ሳይቀየር። ምዕራፍ አራትን አላስገባም። ለአማካሪዬ ጻፍኩ፤ መምህሩ አልተሳሳቱም፣ ምን ዓይነት ውጤት እንደምፈልግና ለምን እንደምፈልግ አልቅሼ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የተመራማሪዋ ነው። ለርዕሰ መምህሩም ለብቻ ጻፍኩ፤ ያየሁት ውጤት ልክ አይደለም፣ በእኔ ስም ማንም ልጅ ከሜዳ አይውጣ። የመ/ር ኢድሪስ ስም የትም አልገባም። ወረዳው የሚቆጣ ከሆነ እኔን ይቆጣ፤ የት እሄዳለሁ? አድራሻዬን ያውቁታል።

ማርቆስ ላለው ኮሌጅም ጻፍኩ። ሁለት መስመር። ከሁሉ ያስቸገረችኝ እሷ ናት።

ኩራት ይሰማኛል ብዬ ነበር። አልተሰማኝም። ለይበልጣል ነገርኩት፤ አልጮኸም፤ እሺ እንግዲህ አለ፤ ከጩኸቱ የባሰ ነው። ለልጅሽ ራስሽ ንገሪያት ብሎ ስልኩን ሰጣት።

ሶሊ፣ በሐምሌ አልመጣም አልኳት። ሥራ ስላለብኝ ነው፣ ሌላ ጊዜ ነው የምመጣው አልኳት። ለማልቀሷ ተዘጋጅቼ ነበር። የምላትን ሁሉ ቀድሜ ወረቀት ላይ ጽፌያለሁ፣ ወረቀቱ ይኸው እጄ ላይ አለ። ለምን አላለችም። እሺ አለች። ከዚያ ስልኩን ከአፏ ሳታርቅ፣ ወደ ጓዳ ዞራ፣ ጮክ ብላ ለአያቷ፣

"እማዬ! ቤቲ አትመጣም!"